የካርቶኑ ቼክ

ኮምቦልቻ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል፤ ገና ደንበኛ ባልገባበት ፑል ቤት የውድድር ዳኛው ጋሽ ይመር ጥቁር መነጽራቸውን እንዳደረጉ የጠረጴዛውን ጨርቅ ይቦርሻሉ፤ ያለፈው ጥር ውድድር አሸናፊ፣ የባጃጅ ሹፌሩ አራጋው፣ ወረቀት ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

አራጋው፦ ጋሼ፣ በሞቴ ብሩሹን ያስቀምጡትና እንሂድ። ችሎቱ አራት ሰዓት ነው፤ ባጃጇን ደጅ አቁሜያታለሁ።

ጋሽ ይመር፦ አልሄድም አልኩህ እኮ። ስንቴ ልበልህ?

አራጋው፦ ትናንት "እስቲ ላስብበት" ነበር ያሉኝ።

ጋሽ ይመር፦ አሰብኩበታ።

አራጋው፦ ምኑን አሰቡት? ማይክ ይዘው "አንደኛ ለሚወጣ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር!" ብለው ያወጁት እርስዎ አይደሉም? እሷኑ መናገር ነው። የማያውቁትን ይናገሩ አላልኩ።

ጋሽ ይመር፦ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የሰማሁት? ሠላሳ ሁለት ተጫዋች ነበር።

አራጋው፦ ነበር፤ አሁን ግን አፍ ያለው ጠፋ። አዘጋጁ ፈንታው "የመሰከረ ሁሉ በእኔ ውድድር ዳግመኛ ስቲክ አይጨብጥም" ካለ ወዲህ አንዱ ስልኩን ዘጋ፣ አንዱ ደሴ ገባ፣ አንዱ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። እኔንማ አግዶኛል። ሁለት ሁለት ሺህ ብር መመዝገቢያ ስንከፍል ወንድሞቹ ነበርን። ያሸነፍነውን ስንጠይቅ ረባሽ ሆንን።

ጋሽ ይመር፦ አቶ ፈንታው ክፉ ሰው አይደለም። ውድድሩን ሲያዘጋጅ ስፖንሰሩ ከዳው። ይሄንን ቤትም ከፍቶ እኔን የሚያኖረኝ እሱ ነው።

አራጋው፦ ስፖንሰሩ ቢከዳው እኔ ምን አደረግሁ? ጋሼ፣ ካርቶን እኮ ነው የሰጠኝ! በር የሚያክል ካርቶን!

ጋሽ ይመር፦ እሱን ተሸክመህ ባንክ መሄድህ...

አራጋው፦ ይሳቁ፣ ግድ የለም። ከዚያ በፊት ቼክ የሚባል አይቼ አላውቅ። ገንዘቡ ትልቅ ስለሆነ ቼኩም ትልቅ መሰለኛ። ባጃጅ ላይ አስሬ ስደርስ ጥበቃው "ወንድሜ፣ ይሄ ለፎቶ ነው" አለኝ። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ነው ያለቀስኩት። ለባጃጅ መግዣ ሃያ ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ ነበር፤ ቀሪውን ሳላመጣ ቀኑ አለፈና ተበላ። ይኸው ዘጠኝ ወር፣ አሁንም የሰው ባጃጅ ነው የምነዳው።

ጋሽ ይመር፦ አልሳቅሁም አራጋው።

አራጋው፦ ደግሞ የባጃጁ ነገር ብቻ እንዳይመስልዎት። ገና ሳንጫወት ምን ብዬ ነበር? "ብሩ እጄ ከገባ አዲስ አበባ ወስጄ የዓይንዎን ሞራ አስገፍፋለሁ" አላልኩም?

ጋሽ ይመር፦ እሱን ተወው።

አራጋው፦ አልተወውም። እጅዎን ይዤ አስፋልት ባሻገርኩ ቁጥር አንጀቴን ይበሉታል። ዛሬም ከተፈረደልኝ መጀመሪያ ለእርስዎ ዓይን ነው።

ጋሽ ይመር፦ ተው አልኩህ!

አራጋው፦ እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ። ማመልከቻ ጸሐፊው የምስክሮቹን ቃል ባጭሩ ጽፎልኛል። ላንብብልዎት፣ ከዚያ እንደፈቀዱ።

ጋሽ ይመር፦ አምጣው ወዲህ። ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው? ጥር አሥራ ስድስት ይላል፤ ውድድሩ ያለቀው አሥራ ሰባት ነው። የአባትህንም ስም አበላሽቶታል።

አራጋው፦ ጋሼ...

ጋሽ ይመር፦ ምነው?

አራጋው፦ አነበቡት እኮ።

ጋሽ ይመር፦ ኧረ እንዲሁ በግምት...

አራጋው፦ ምን ግምት አለው? ጤፍ የሚያክል ፊደል፣ ያውም በጥቁር መነጽር! ከመቼ ወዲህ ነው?

ጋሽ ይመር፦ ከነሐሴ።

አራጋው፦ ሐይቅ ለቅሶ ሄድኩ ያሉኝ ጊዜ?

ጋሽ ይመር፦ ለቅሶ አልነበረም። አዲስ አበባ ነበርኩ።

አራጋው፦ ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ እጅዎን ይዤ ሳሻግር እያዩ ነበር? ምን ነበር ቢነግሩኝ? እልል አልልም ነበር? ማን አሳከመዎት?

ጋሽ ይመር፦ አትጠይቀኝ፣ አፈር ስሆን።

አራጋው፦ ፈንታው ነው።

ጋሽ ይመር፦ ጥላ ብቻ ነበር የማየው አራጋው። ልጄ ልጇን አቅፋ ስትመጣ የሕፃኑን ፊት በጣቴ ነው የዳሰስኩት። ፈንታው ቢሮው ጠራኝና "ላሳክምህ" አለኝ። እሺ አልኩ። ድኜ ስመለስ አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ።

አራጋው፦ ምን የሚል?

ጋሽ ይመር፦ "አራጋው መቶ ሃምሳ ሺህ ብሩን ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ" የሚል። ሞራው ከተገፈፈልኝ ወዲህ መጀመሪያ ያነበብኩት ወረቀት እሱ ነው። አንብቤ ነው የፈረምኩት። አላየሁትም ብዬ አልዋሽህም።

አራጋው፦ ወይ ጉዴ! ለካ ጠበቃው "ሰነድ አለን" እያለ ደረቱን የሚነፋው ለዚህ ነው። እኔ ሞኙ አንድ ምስክር ቀረኝ እያልኩ እንቅልፍ እተኛለሁ። ሌላው ይክዳኝ፤ እርስዎ፣ ጋሼ?

ጋሽ ይመር፦ ስደበኝ። ይውጣልህ።

አራጋው፦ እንዴት አድርጌ ልስደብዎት? ስቲክ ያስጨበጡኝ እርስዎ። "ማንም ባያይህም እጅህ ኳስ ከነካ፣ ነካሁ ብለህ ነጩን ኳስ ለባላጋራህ ስጥ" ያሉኝ እርስዎ።

ጋሽ ይመር፦ የፍጻሜው ቀን፣ ስምንት ለስምንት ሆናችሁ፣ እጅጌህ ኳስ ነካ።

አራጋው፦ ነካ።

ጋሽ ይመር፦ እኔ አላየሁም። ዳኛ ተብዬ ቆሜ ጉም ብቻ ነበር የሚታየኝ። ዝም ብትል ኖሮ የሚያውቅብህ አልነበረም። "ጋሼ፣ ነካሁ" አልክ። ያን ሁሉ ብር ሊያሳጣህ ይችል ነበር። ያ ባላጋራህ ኳሷን ባይስት አልቆልህ ነበር።

አራጋው፦ እንዲያፍሩብኝ አልፈለግሁማ። በቃ ይተዉት፣ እኔ ልሂድ። ዓይንዎ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ደስ ብሎኝ ሆድ ባሰኝ እንጂ።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ። "ፊርማው የእኔ ነው፣ ቃሉ ግን ውሸት ነው" ብላቸው ይሰሙኛል?

አራጋው፦ ይሰሙዎታል፤ ከዚያ ያስሩዎታል! በሐሰት ፈርመዋል እኮ። ፈንታውም ከጓሮ ካለችው ክፍል ዛሬውኑ ያስወጣዎታል። በዚህ ዕድሜዎ የት ሊወድቁ ነው? ይቅር ጋሼ። እኔ የሰው ባጃጅ ለምጃለሁ።

ጋሽ ይመር፦ ኮቴን አቀብለኝ።

አራጋው፦ ኧረ በእናትዎ...

ጋሽ ይመር፦ አቀብለኝ አልኩህ። ይሄንን መነጽር ደግሞ ውሰድና እዚያ ጣልልኝ።

አራጋው፦ እሺ... ቀስ ይበሉ፣ በሩ ላይ ደረጃ አለ። እጅዎን ይስጡኝ።

ጋሽ ይመር፦ ልቀቀኝ አራጋው። ደረጃው ይታየኛል።