ሳትበላ ውሰዳት

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ውይ፣ ሚጣዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? መነጽሬን አውልቄ ስሙን አላየሁትም። … ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ሥራ እንዴት ነው?

— የት ልሆን? የላክሽኝ ቦታ ነኛ። የእንስሳት ክሊኒክ፣ መጠበቂያው ክፍል። … አዎ፣ ገብተን ወጣን። … ኧረ ደህና ናት። እሜቴ ምን ትሆናለች? ቅርጫቷ ውስጥ ሆና ሰዉን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ትገላምጣለች። ያንቺ ድመት መሆኗን ማንም አይክድም።

— ምን አልሽ? … ትሰሚኛለሽ? … ቆይ፣ እዚህ ጫጫታ ነው፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … ይቅርታ እትዬ፣ ውሻዎ ጅራቱን ትንሽ ቢሰበስብልኝ፣ ልለፍ። … አይ፣ አልረገጥኩትም። እግዜር ይስጥልኝ።

— አሁን ይሻላል? … እሺ። ሐኪሟማ ብዙ ነገር አለች፣ ከየቱ ልጀምርልሽ?

— ጥርሷ ጥሩ ነው። አንድ የኋላ ጥርሷ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ጠጥሯል፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናጸዳዋለን አለች። ጆሮዋ ንጹሕ፣ ዐይኗ ንጹሕ። ቁንጫ የሚባል ነገር የለባትም። ክትባቷን ተወጋች፣ የትል መድኃኒቷንም ዋጠች። … እሷ? ትንፍሽ አላለችም። ዐይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።

— ልቧንማ አዳመጠች። «አሮጊት ናት ብለውኝ አልነበር? ይሄ የኮረዳ ልብ ነው» አለችኝ። … በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። … አታልቅሺ እንጂ፣ ደህና ናት እያልኩሽ። … እሺ፣ የደስታ ከሆነ አልቅሺ።

— የደም ምርመራው? … እ … እሱ እንኳ ለነገ ተላልፏል። … ኧረ ምንም አልተገኘባትም፣ አትደንግጪ። ዕድሜዋ ስለገፋ ከመንገድ በፊት ይታይ ተባለ እንጂ ሐኪሟም የጠረጠረችው ነገር የለም። የተላለፈው … ጥፋቱ የኔ ነው። ወይም ያንቺ ነው። ማናችን እንደሆንን ሐኪሟም መፍረድ አቅቷታል።

— ቆይ ልንገርሽ። ትናንት የላክሽልኝ መልእክት ምን ይላል? … አንብቢውማ። … አዎ፣ እሱ። «አባዬ፣ ነገ ጠዋት ሳትበላ ውሰዳት።» … እንደዚያ ነው የጻፍሽው? … እሺ። እኔም እንደ ቃልሽ ፈጸምኩ። ሳልበላ ወሰድኳት።

— … ሄሎ? … ሚጣዬ? … ተቋረጠ እንዴ? … ትስቂያለሽ?

— አዎ፣ ያልበላሁት እኔ ነኝ። እሷማ ጠግባ ነው የመጣችው። … ምን ላድርግ ታዲያ? «ሳትበላ» አልሽኝ፣ አልበላሁም። አስቤበታለሁ ደግሞ። ምናልባት ቁርስ የበላ ሰው እጁ ይሸትና ድመቷን ይረብሻት ይሆናል አልኩ። ዘመኑ ያላመጣው ነገር የለም። አንቺም የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ ያለ ምክንያት አትጽፊም ብዬ ሻይ እንኳ አልቀመስኩም።

— እሷ? እሷ ግማሽ ቆርቆሮ ዓሣ። … እሺ፣ ሙሉውን። መንገድ ነው ብዬ ነዋ። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ፣ ባዶ ሆዱን የተሳፈረ መንገደኛ ምን እንደሚሆን አጣሁት?

— ስሚ፣ የባሰውን ልንገርሽ። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ጫፉን እሜቴ ሆድ ላይ አድርጋ፣ ጸጥ ብላ ታዳምጣለች። እኔ እሜቴን ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። በዚህ መሐል ጉርርር የሚል ነገር ክፍሉን ሞላው። ሐኪሟ ቀና አለችና «ይሄ ሆድ ጥሩ አይደለም፣ መቼ ነው የጀመራት?» አትለኝም መሰለሽ? … እና ምን ልበል? «ዶክተር፣ እሱ የኔ ነው» አልኳታ።

— ሳቂ፣ ሳቂ። እሷም ጠረጴዛውን ተደግፋ ነው የሳቀችው። … «ታዲያ ለምን ሳይበሉ መጡ?» አለች። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው። «አባባ፣ ይሄ እኮ ለድመቷ ነው» አለችኝ። «የታለ ድመቷ የሚለው?» አልኳት። ፈልጋ ፈልጋ አጣች። ለካ «ሳትበላ» አንተም ነህ፣ እሷም ናት። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ለድመት የታዘዘውን ጾም ጾምኩላት።

— አቤት እትዬ? … አዎ፣ ልጄ ናት። ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ነው ያለችው። ድመቷም የሷ ናት፣ ቤት እስክታገኝ ብላ እኔ ላይ ጥላት ሄዳ ነው። … ሰላም ብለውሻል ሚጣዬ፣ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ። ውሻ ይዘው ነው የመጡት። ውሻ ነው ይላሉ እሳቸው፣ እኔ ጥጃ ነው የመሰለኝ። እሜቴን አይቶ ወንበር ሥር ገብቶ አልወጣም ብሏል። … ምን ታደርገዋለች? እጇን በቅርጫቱ ቀዳዳ አውጥታ አፍንጫውን ጠፈጠፈችው። ያን ሁሉ ስትመረመር ጨዋ ነበረች፣ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ።

— ኪሎዋ? … ስለ ኪሎዋ ባንነጋገርስ? … ጨምራለች። … ትንሽ። … ሐኪሟ እንኳ «ትንሽ» አላለችም። «ይቺን ድመት ማነው የሚመግባት?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለ፣ ማንን ልጠቁም?

— ወተት? ማን ነገረሽ? … ጥቂት ወተት። ለብ አድርጌ። … ተከልክሏል፣ ትልቅ ድመት ወተት አይስማማትም ብላኛለች። ከዛሬ ጀምሮ የለም። … የዕንቁላሉን አስኳል አልከለከለችም። … አልጠየቅኳትማ።

— ብቻ ጥያቄዋ አያልቅም። ታስላለች ወይ፣ ውሃ ታበዛለች ወይ፣ እንቅልፏ እንዴት ነው። እኔም የማውቀውን መለስኩ። «በግራ ጎኗ ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ እግሬን ነቅነቅ ሳደርግ ትገለበጥና ትተወዋለች» አልኳት። … እ? … እግሬን ነው ያልኩት?

— … እ … እግሬ ሥር ነው እንግዲህ የምትተኛው። … በረንዳ ነበር፣ አዎ። በረንዳው ይቀዘቅዛል። … አውቃለሁ፣ «ድመት ከደጃፌ አትገባም» ያልኩት እኔ ነኝ። አላስገባኋትም እኮ፣ በሩን ስከፍት ቀድማኝ ገባች።

— ወረቀቱ? ነገ ደሟ ከታየ በኋላ የጤና ወረቀቷን ትጽፍልኛለች፣ ያለሱ ወዳንቺ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ አያሳፍራትም። አንቺ ቅዳሜ ስትመጪ ይዘሻት መሄድ ትችያለሽ። … ይደርሳል አልኩሽ። … ድምፄ ምን ሆነ? ያው ድምፄ ነው፣ ባዶ ሆድ ነው።

— ደስ ይለኛል እንጂ፣ ለምን አይለኝ? ሶፋው ከጥፍሯ ያርፋል። ገና ሳይነጋ መዳፏን ፊቴ ላይ አድርጋ አትቀሰቅሰኝም። ከጥቁር ኮቴ ላይ ነጭ ፀጉር ስለቅም አልውልም። … አዎ። … አዎ፣ በጣም ደስ ይለኛል።

— … ሚጣዬ። … እንደው እውነቱን ልንገርሽ? … ሐኪሟ «ደሟን ነገ እናየዋለን» ስትለኝ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ተጨመረልኝ ብዬ። … እንዲያውም ወረቀቱ ለቅዳሜ ባይደርስስ ብዬ አሰብኩ። ምንም አላደረግኩም፣ አሰብኩ ብቻ። … አዎ፣ ወድጃታለሁ። ተያዝክ በይኝ። ጡረታ ወጥቶ ብቻውን የሚኖር ሰው፣ በሩን ሲከፍት «እስካሁን የት ነበርክ?» ብሎ የሚጮህበት ሲያገኝ ቀላል ነገር አይደለም። ካንቺ ወዲህ እንደሷ የጮኸብኝ የለም።

— አይ፣ አይሆንም፣ ውሰጃት። ያንቺ ናት። ከጣትሽ በማትበልጥበት ጊዜ ነው በጠብታ ወተት ያሳደግሻት። እኔ እለምደዋለሁ።

— ምን? … አልሰማሁሽም፣ ውሻው ጮኸ። … «አትመጣም?» ነው ያልሽው? … ምነው ሚጣዬ፣ አሁን ውሰጃት አልኩሽ እኮ። ትመጣለች። መንገድ ደግሞ ትችላለች፣ እዚህ ስንመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ዐይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ልጄን ድመቷን የምከለክል ክፉ ሰው ነኝ እንዴ? ትመጣለች አልኩሽ።

— እ? … እሷን አይደለም? … ታዲያ ማንን?

— እኔን?

— ቆይ። ቆይ ሚጣዬ፣ ልቀመጥ። … እትዬ፣ ይቺን ቅርጫት አንዴ ይያዙልኝ። አይዞዎት፣ ሰው አትነካም።

— «አትመጣም?» ስትዪኝ እኔን ነው? … ከመቼ ጀምሮ? … በደወልሽ ቁጥር? … ሚጣዬ፣ እኔ እኮ ስለ ድመቷ የምትጠይቂኝ መስሎኝ ነው። … «መጀመሪያ ቤቱ ይገኝ» ያልኩሽማ ለሷ ነዋ። አከራይ ድመት አይወድም ብለሽኝ አልነበር? … አንቺ ደግሞ ለኔ መስሎሽ ቤት ስትፈልጊ ከረምሽ? … ኧረ ጉድ። ኧረ የጉድ ጉድ።

— እና የተከራየሽው ቤት ሁለተኛው መኝታ ቤት የኔ ነው? … እኔ እኮ ጎረቤቱን ሁሉ እያስቆምኩ ሳማሽ ነው የከረምኩት። «ልጄ ከተማ ገባችና አበደች፣ ለድመት መኝታ ቤት ትከራያለች» እያልኩ። … እውነቴን ነው። ጫማ ጠጋኙ ሳይቀር አዝኖልኛል።

— … ምን አለው መስኮቱ? … ከታቹ አውቶቡስ ማዞሪያ ነው? … የሚገቡትም የሚወጡትም ይታያሉ? … አውቀሽ ነው የመረጥሽው?

— … አለሁ። አለሁ ልጄ፣ አልተቋረጠም። መነጽሬን እየጠረግኩ ነው።

— ደህና ነኝ እትዬ፣ የምሥራች ነው። … አዎ፣ መሐረብ ካለዎት።

— የኔ ቤትስ? … እሱማ ይቆለፋል፣ ቤት አይሸሽም። … ዕቃ ብዙም የለኝ። … መጥቼ ልየው እንግዲህ። ከተስማማኝ እቆያለሁ፣ ካልተስማማኝ እሜቴ ተስማምቷት ታስቀረኛለች።

— እሺ፣ ግን አንድ ነገር። በጽሑፍ እንዳትልኪልኝ። አሁን በአፍሽ በይልኝ። … አይ፣ «አትመጣም» አይደለም፣ እሱማ አይታወቅም፣ የማንም ሊሆን ይችላል። በትክክል ጥሪኝ። …

— ድገሚው። …

— «አባዬ፣ አንተ ና።» … አንተ። … እሺ ልጄ። እመጣለሁ።

— ቆይ፣ ሐኪሟ ወጣች። … አቤት ዶክተር? … ነገ ጠዋት፣ እሺ። ሳትበላ። … እሷ ሳትበላ፣ እኔ በልቼ። ገብቶኛል፣ አሁንስ በደንብ ገብቶኛል። … ዶክተር፣ የዕንቁላል አስኳልስ? … እሺ። … ሚጣዬ፣ አስኳሉም ቀረ። በቃ፣ የኔና የእሜቴ ደግ ዘመን አለፈ።

— አሁን? አሁንማ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ገብቼ ቁርሴን እበላለሁ። እሜቴ እንደ እኔ ቁጭ ብላ ትየኝ፣ ተራዋ ነው። … እትዬ፣ ቅርጫቷን አምጡልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ና ይበሉት ያን ጥጃ፣ እየሄድን ነው፣ ይውጣ።

— እ? … ምኑን ነው የምትይዢልን? … ቲኬት? … ኖሮ ኖሮ ሾፌር ተሳፋሪ ሆነ በይኛ። … ሁለት መንገደኛ ነን። አንዷ ቅርጫት ውስጥ፣ አንዱ መስኮት አጠገብ። … በይ ቻው ሚጣዬ፣ ሆዴ ሊጮህ ነው፣ ሐኪሟ ደግሞ አጠገቤ ቆማለች።