ዱባይ ለዕረፍት

ከመቂ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ስልኳን ለእናቷ እያሳየች ነው።

«ይኸው ሆቴሉ። ለአንድ ሳምንት ይዤዋለሁ።»

«እዚያ ደግሞ ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ለዕረፍት ነው።»

«ሰርግ አለ?»

«ዕረፍት አልኩሽ እኮ! ፀሐይ እሞቃለሁ፣ እዋኛለሁ፣ በቃ።»

«መቂ ፀሐይ አጣሽ?»

«የዚያ ይለያል።»

«ቆይ፣ ዱባይ ማለት ያው አራት ዓመት ሰው ቤት የሠራሽበት አይደለም እንዴ? በደወልሽ ቁጥር የምታለቅሽበት?»

«አዎ። ሆቴሉ ከማዳም ቤት ፊት ለፊት ነው። ልብስ ሳሰጣ በየቀኑ አየው ነበር።»

«ታዲያ አሁን ሽንኩርት ነግደሽ ራስሽን ችለሽ፣ ምን ልሁን ብለሽ ነው የምትመለሽው?»

«አንዴ እዚያ ማዶ ሆኜ የማዳምን ቤት ልየዋ።»

«ቤቱን ለማየት?»

«አዎ። አልጋ ሳላነጥፍ፣ ዕቃ ሳላጥብ፣ ተኝቼ።»

«እኔ አልገባኝም። አልጋውን ማን ሊያነጥፈው ነው?»

«የሆቴሉ ሠራተኛ ናታ።»

«የማን አገር ልጅ ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የኬንያም፣ የእኛም አገር ልጅ ልትሆን ትችላለች።»

እናትየው እንደገና የተናገሩት ሞጆን ካለፍን በኋላ ነው።

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት አልጋሽን አንጥፈሽ ውጪ። የሰው ልጅ አታድክሚ።»

እኔ ጠዋት መቂ ካደርኩበት ፔንሲዮን ስወጣ አልጋውን እንዴት አድርጌ እንደተውኩት ለማስታወስ ሞከርኩ።