በበጓ ውስጥ የተጻፈው በሽታ

መሪጌታ ተክለጻድቅ መጽሐፍ ሲገለብጡ ያረጁ የመንዝ ጸሐፊ ነበሩ። በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ጎጆ ለወጣች ልጃቸው ለአማከለች መቋቋሚያ የምትሆን እናት በግ እየነዱ ወደ ራቤል ሲሄዱ፣ የጎረቤታቸውን የዳኜን ልጅ ኮከቤን መንገድ ላይ አገኟት። ኮከቤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ የተመለሰች ናት። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ዓይኗ በጓ ላይ አረፈ።

«የኔታ፣ ይህችን በግ ወዴት ይወስዷታል?»

«ለአማከለች። ክረምቱን ስታስል ከርማ ጠበል ባጠጣት ተሻላት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከበጎችዎ የቀዳሁት ደም ውጤቱ መጥቷል። በሽታው ከዚህች በግ አልወጣም። አማከለች ዘንድ ከገባች እዚያ ያሉትን በጎችም ታስይዛለች።»

መሪጌታን ቅር አላቸው፤ ጠበሉን ያቃለለችባቸው መሰላቸው። ነገሩ ግን ከነከናቸው።

«ካልወጣ የት ተደበቀ? ትግጣለች፣ ወተቷም ሙሉ ነው።»

«በሰውነቷ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው፣ የኔታ። ሰውነት ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በየሴሉ ዲ ኤን ኤ የሚባል መጽሐፍ አለ እንበል። ሴሉ ለሥራው የሚፈልገውን ከዚያ እየገለበጠ አር ኤን ኤ በሚባል ቁራጭ ያወጣል።»

«ከመጽሐፉ ወደ ቁራጩ ማለትሽ ነው።»

«አዎ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ግን የራሱን ጽሑፍ የያዘው በቁራጩ ፊደል ነው። ሴል ውስጥ ሲገባ፣ ይዞት የመጣው ጸሐፊ ያን ቁራጭ ወደ መጽሐፉ ፊደል መልሶ ይገለብጠዋል። ሌላው ባልደረባው ደግሞ መጽሐፉን ቆርጦ አዲሱን ቅጠል መካከሉ ይሰፋዋል።»

መሪጌታ በጓን ረስተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚማር ሰው ዕድሜ አይጠየቅም።

«ቅጂ ተመልሶ እናት መጽሐፍ ይገባል? እኔ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

«ሊቃውንቱም ብዙ ዘመን እንደርስዎ ነበር የሚሉት።»

«እሺ፣ ገባ እንበል። እኔ ብራና ላይ ስሕተት ሳገኝ በካራ እፍቃለሁ። ይህስ አይፋቅም?»

«የሚፍቀው እስካሁን አልተገኘም። ሴሉ በተባዛ ቁጥር ያም ቅጠል አብሮ ይገለበጣል። ሴሉም የራሱ ጽሑፍ እየመሰለው ቫይረሱን ይሠራለታል። ስለዚህ ደህና መስላ በትንፋሿና በወተቷ ታስተላልፋለች።»

መሪጌታ ፈገግ አሉ።

«አንድ ጸሐፊ በኅዳጉ ላይ ‹ብርዴ ጸና› ብሎ ጽፎ፣ የቀጠለው ጸሐፊ ከንባቡ ጋር ገልብጦት አይቻለሁ። ከዚያ የተቀዳው ሁሉ ይበርደዋል። ገባኝ ልጄ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ትታረድ። ሥጋዋ ሰውን አይጎዳም። በደማቸው በሽታው የተገኘባቸውን ሌሎች በጎችም ለብቻ ያግዱ። ግልገሎቹን እንደተወለዱ፣ የእናታቸውን እንገር ሳይቀምሱ፣ በላም እንገርና ወተት ያሳድጓቸው።»

መሪጌታ በጓን መልሰው ነዱ። ባለቤታቸው ግልገል ከእናቱ መለየት ነውር ነው ብለው ቢቆጡም፣ ግልገሎቹ ሳያስሉ ሲያድጉ ራሳቸው ወተቱን ያጠጡ ጀመር። በዓመቱ፣ ደሟ ተመርምሮ ንጹሕ የሆነች ቄብ በግ ለአማከለች ደረሰቻት። መንጋዋ ሲበዛ ያዩ ጎረቤቶችም በጎቻቸውን ለኮከቤ አቀረቡ። «በጌ ጤነኛ ነች» የሚል ሰው ሲመጣ መሪጌታ «ፊቷን አየህ እንጂ መጽሐፏን መች አነበብክ?» ይሉት ነበር።