ክብሪትና ኪኒን

ወደ ዲላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቋት።

«ልጄ፣ አፍንጫሽን ምን ነካው?»

«ክብሪት ነው፣ አባባ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ገበያ መሃል ብወድቅ ሰው ሁሉ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።»

«ታዲያ ነቃሽ አይደል?»

«ባይጭሩም እነቃ ነበር። እነሱ ስለጫሩ ተጠብሼ ነቃሁ።»

«ጸሎትስ አላደረጉልሽም?»

«አድርገዋል። አንደኛው እየጸለየ ነው የጫረው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«መድኃኒት የለውም እንዴ ይሄ ነገር?»

«አለው እንጂ። ኪኒኔ ካለቀ ሳምንት አልፎት ነበር። እንደ ክብሪት በየሱቁ ቢኖር ኖሮ መች እወድቅ ነበር? አሁንም ዲላ የምሄደው እሱን ፍለጋ ነው።»

«እንግዲህ እዚሁ ብትወድቂ ምን ላድርግ?»

«በጎኔ ያስተኙኝ፣ ጋቢዎን ከራሴ ሥር ያድርጉልኝ፣ እስክነቃ አጠገቤ ይሁኑ። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ይውሰዱኝ።»

«ጋቢው ትናንት ነው የታጠበው።»

«አዩ? ክብሪት ሲሆን ግን ማንም አይሰስትም።»

«እሺ፣ ጋቢውን እሰጥሻለሁ። ብቻ ዲላ እስክንደርስ አትውደቂ።»

«ለኪኒኑ ይንገሩት፣ አባባ።»

ባለፈው ዓመት መንደራችን ኢዲዶ ውስጥ ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ሥር ለወደቀች ጎረቤቴ ሦስት እንጨት ክብሪት የጫርኩት እኔ፣ የሴትዮዋን አፍንጫ ላለማየት እስከ ዲላ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ሄድኩ።