የገሃድ ከረሜላ

(በአንዲት የወሎ ከተማ፣ የጥምቀት ዋዜማ፣ የገሃድ ጾም ቀን ረፋድ ላይ። ማዘጋጃ ቤት አዲስ የቀጠረው የጤና ተቆጣጣሪ ቢያድግልኝ፣ የሰፈሩ ከረሜላ ሠሪ እትዬ ዘርትሁን ጓዳ ገብቶ ቀይ ከረሜላ የሞላውን ሳፋ ጨብጧል፤ እሷም በሌላው በኩል ይዛዋለች።)

ዘርትሁን፦ ሳፋውን ልቀቅ አልኩህ።

ቢያድግልኝ፦ አልለቅም እትዬ ዘርትሁን። ይደፋል፤ ትእዛዝ ነው።

ዘርትሁን፦ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። ነገ ያልተሸጠ ከረሜላስ ለመቼ ሊሆነኝ ነው? የዓመት ቀለቤን እኮ ነው የያዝከው።

ቢያድግልኝ፦ ከምድጃው አጠገብ ያገኘሁት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የአለላ ቀለም ነው። የመሶብ መስፊያ አለላ የሚነከርበት።

ዘርትሁን፦ ታዲያ መሶብ እሰፋለሁ። እሱም ተከለከለ?

ቢያድግልኝ፦ ይስፉ። ግን የቀለሙ ማንኪያ ላይ ስኳር ደርቆበታል።

ዘርትሁን፦ ማንኪያ ምን ይመሰክራል።

ቢያድግልኝ፦ እሺ፣ ይኸን ይዩ። አንዷን ከረሜላ በሙቅ ውሃ አሟምቼ ነጭ የበግ ፀጉር ነከርኩበት። ቀላ። ባጥበው ባጥበው አይለቅም።

ዘርትሁን፦ እንዴት ይለቃል? ደህና ቀለም ነዋ። መሶቤ በሱ ተነክሮ ከሠርጌ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ቢያድግልኝ፦ ከልጅ ሆድስ መቼ ይለቅ ይሆን?

ዘርትሁን፦ ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። አንተን እዚሁ ንፍጥህ ሲዝረከረክ እናውቅሃለን። በዚችው ከረሜላ አይደል ያደግኸው?

ቢያድግልኝ፦ ያኔ ነጭ ነበረች።

ዘርትሁን፦ ያኔ ልጅ ያገኘውን ይበላል። የዛሬ ልጅ በዓይኑ ነው የሚበላው። ባለሱቁ ሁሉ ቀይ ደርድሮ እኔን በነጭ ማን ዞር ብሎ ያየኛል? ይልቅ ቁጭ በል፣ ለልጆችህ ልቋጥርልህ።

ቢያድግልኝ፦ ይቅርብኝ።

ዘርትሁን፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አለቃህ ትናንት ቋጥሬለት መርቆኝ ሄደ።

ቢያድግልኝ፦ ዛሬ ሆዱን ታሞ ከሥራ ቀርቷል።

ዘርትሁን፦ እሱ ያገኘውን ሲጎርስ ነው። የሱን ሆድ በኔ አታላክክ።

ቢያድግልኝ፦ እንግዲያው አንዲት ይቅመሱልኝ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እርስዎ ከበሉ ሳፋውን ትቼ እሄዳለሁ።

ዘርትሁን፦ በገሃድ? አንተ ክርስቲያን አይደለህም?

ቢያድግልኝ፦ ስኳር የጾም ነው፤ ሰዓቱ እስኪደርስ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ዘርትሁን፦ እኔ እስከ ማታ ነው የምጾመው።

ቢያድግልኝ፦ እስከ ማታም እጠብቃለሁ።

ዘርትሁን፦ ደግሞም ጥርሴን ያመኛል።

ቢያድግልኝ፦ እርስዎን ጾምም ጥርስም ከከለከለዎ ምን ይደረጋል። ሕፃን አይጾምም። የልጅ ልጅዎ ምንትዋብ ጓሮ ስትጫወት አይቻታለሁ፤ እሷ ትቅመስልኝ። ልጥራት?

ዘርትሁን፦ ተው፣ እሷን አትጥራ! እሷ ቀዩን አፏ አታደርስም። የሷን ነጩን ለብቻው ነው የማበስልላት።

ቢያድግልኝ፦ ነጩ ለነገ ይደርሳል?

ዘርትሁን፦ ስኳርማ አለ፤ እስከ ማታ አንድ ሳፋ ይወጣኛል። ግን ማን ይገዛኛል አልኩህ እኮ።

ቢያድግልኝ፦ ታቦቱ ከሚያድርበት ሜዳ ይቁሙና «የልጅ ልጄ የምትበላው ይኸ ነው» እያሉ ይጣሩ። ተሻምተው ይጨርሱልዎታል።

ዘርትሁን፦ እሱስ ይሸጥ ነበር።

ቢያድግልኝ፦ ታዲያ ምን ቀረ?

ዘርትሁን፦ ቀዩንስ ድፋው። ግን እንዲያ እያልኩ ስጣራ፣ አምና ቀዩን ለልጆቻቸው የገዙኝ እናቶች ቢሰሙኝስ፣ ልጄ?