«ጉልበቴን አትንኩ» ያለችው እሷ ናት

ሄሎ! … ሄሎ! … አዎ፣ ቡታጅራ ነው። ሸረፋ ነኝ፣ እኔው ነኝ። … ወዓለይኩም ሰላም፣ ሙስተፋ። ሰላምታውን ተወውና እህትህ እንዴት ናት? አሚኔ እንዴት አደረች?

… ምን? … ቆረጡ? … ምኗን ነው የቆረጡት? እግሯን? ያ አላህ! … ሄሎ! … ወይዘሪት ወይንሸት፣ ኧረ ይሄ ያገናኘሽኝ መስመር ይንሿሿል፣ ምንም አይሰማኝም! … እሺ፣ ጠጋ አድርጌ ይዤዋለሁ። … ሙስተፋ፣ ቀስ ብለህ ድገምልኝ። ሚስቴን እግሯን ቆረጧት ነው ያልከኝ?

… አልቆረጧትም። … መግሉን። ጉልበቷን ከፍተው መግሉን አወጡ። … እግሯ አለ? ሁለቱም? … አልሐምዱሊላህ! … ሰይዶ፣ እግሯ አለ! አልተቆረጠም! … ለሰይዶ ነው፣ ለወጌሻው። ከጧት ጀምሮ እዚሁ ስልክ ቤት አብሮኝ ተቀምጧል።

… ትኩሳቱስ? … ቀንሷል፣ ግን ገና አልለቀቃትም። … ሐኪሙ ምን አለ? … «እናያለን» ማለት ምን ማለት ነው? ሙስተፋ፣ አትደብቀኝ። ልጆቹ ቤት እየጠበቁኝ ነው፣ ምን ብዬ ልግባ? … ታወራለች? አንተን አወቀችህ? … ውሃ ጠጣች? … እሺ። እሺ፣ እሱም ጥሩ ነው።

… ምን? … ሐኪሙ እንደዚያ አለ? ሁለት ቀን ዘግይታ ቢሆን እግሯም … በል፣ ጨርሰው። … ሕይወቷም። … አዎ፣ ገባኝ። … አይ፣ እኔን አታመስግነኝ። … አታመስግነኝ አልኩህ እኮ!

… ተቆጥቼ አይደለም። ፈርቼ ነው። ስማኝ … ትሰማኛለህ? ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ አይደለሁም።

… ልንገርህ። ቁርጥማቱ ከያዛት ስምንት ዓመቷ ነው፣ ታውቃለህ። በሦስተኛው ዓመት ላይ የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰር ወልደማርያም፣ መገጣጠሚያ የሚያማቸውን ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ እዚያው ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። … አዎ፣ ትምህርት። ክኒን አይደለም፣ መርፌ አይደለም። እኔ ሳቅኩባት። «ጉልበት የሚያመው ሰው ተማሪ ቤት ይገባል?» አልኳት፣ ሰው ፊት። እሷ ግን አንድም ሐሙስ አልቀረችም። ጧት ጣቶቿ ሲደርቁ ለብ ባለ ውሃ ታፍታታቸዋለች። እንሰት ትንሽ ፍቃ ታርፋለች። ሲያብጥ ትታ ትቀመጣለች፣ ሲሻላት ትነሳለች። ከሷ ጋር የታመመችው ጎረቤታችን፣ የከድሮ ሚስት፣ ተኝታ ቀረች። ዛሬ ጣቷ አይዘረጋም፣ ሰው ነው የሚያጎርሳት። ያንተ እህት ባለፈው ሳምንት እንኳ ራሷ ናት እንሰቷን የፋቀችው። ይሄን ሁሉ ዓመት እያየሁ አንድ ቀን «ደግ ሠራሽ» አላልኳትም።

… እየደረስኩበት ነው። ሰኞ ጧት ቀኝ ጉልበቷ አብጦ ተነሳች። ያው የድሮው ነው አልኩ። እሷ፣ «ይሄ የኔ ሕመም አይደለም» አለች። «የኔ ሁለቱንም ነው የሚይዘኝ፣ ረፋድ ላይ ይለቀኛል። ይሄ አንዱ ብቻ ነው፣ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ያንቀጠቅጠኛል። እንዲህ ከሆነ ሳትታሹ በዚያው ቀን ኑ ብሎናል ወልደማርያም» አለች። … እኔማ ምን አደረግሁ? ሰይዶን ጠራሁ፣ እንዲያሻት።

«ጉልበቴን አትንኩ» እያለች ስትጮህ ትከሻዋን ይዤ ፍራሹ ላይ ተጫንኳት። … አዎ፣ እኔ። በዚህ እጄ። … ሰይዶ ገና ሲነካት እጁን ሰበሰበ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ እሷም አልፈቀደች» ብሎኝ ወጣ። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች በር ላይ ደረሰች። ጎረቤት ነው በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ያደረሳት። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ወልደማርያም ገና ሲያያት፣ እዚያ ትልቁ ሐኪም ቤት ሊልካት የጤና ጣቢያውን ላንድሮቨር አስነሳ። አብሯት እህታችሁ ከድጄ ገባች። እኔ ቦታ የለም ብዬ ቀረሁ። ቦታስ ነበረ። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው።

… ሙስተፋ? … ሄሎ? … አለህ?

… በለኝ። የፈለግከውን በለኝ። … ምን? … ነግራሃለች? ታዲያ እያወቅክ ነው ያመሰገንከኝ? … መጫኔንም? … ምን ብላ ነገረችህ? …

… «ፈርቶ ነው» አለችህ?

… ድገምልኝ፣ ሙስተፋ። እንደዚያ ነው ያለችው?

… እንዴት? ሐኪሙን ጠየቀችው? ጉልበቴን መቼ ማንቀሳቀስ ልጀምር ብላ? ትኩሳቱ እንኳ ሳይለቃት! … እሱስ ምን አላት? … ቁስሉ ሲጠግግ፣ በየቀኑ፣ ሰው እየደገፋት። … ማን ነው የሚደግፋት? … እኔ? እሷ ናት እኔን ያለችው? … ኧረ ሙስተፋ፣ እኔ ያን ጉልበት እንዴት አድርጌ እይዘዋለሁ? አያያዙን አላውቅም። ብጎዳትስ?

… ምን አለች? … ታስተምረኛለች።

… እሺ። በላት፣ እሺ ብሏል በላት። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። … ወዓለይኩም ሰላም። … ወይዘሪት ወይንሸት፣ ጨርሰናል፣ ዝጊው።