ጋሽ ታደሰና ክቡ መንጠቆ

ከሚስቴ አባት ከጋሽ ታደሰ ጋር እዚህ አሜሪካ ቴክሶማ ሐይቅ ላይ ስትራይፐር የሚባለውን ዓሣ እያጠመድን ነው። እኔ መንጠቆዬ ላይ በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ሰክቼ፣ ዘንጉ በተነቃነቀ ቁጥር እመነጭቅና ያመልጠኛል። ሶ ጋሽ ታደሰ መንጠቆዬን በክብ ቀየሩልኝና የሞተ ዓሣ ቁራጭ ሰኩበት። "ይሄ ራሱ ይይዘዋል፤ አንተ ብቻ አትመንጭቅ።"

ዘንጉን ሐይቁ ዳር ተክለን ምሳ ስናቀርብ እጄን ይዘው መጸለይ ጀመሩ። የሳቸው ጸሎት ደግሞ የቸርቻችንን ሰው ሁሉ ሳያዳርስ አያልቅም። ባንድ ዓይኔ ሳጮልቅ ዘንጉ ጎብጧል! ልነሳ ስል እጄን ጭምቅ አደረጉት። ቶሎ እንዲጨርሱ "አሜን፣ አሜን" እላለሁ። እንደለቀቁኝ ሮጬ ክሩን ጠቀለልኩ፤ ክንድ የሚያህል ስትራይፐር፣ መንጠቆው ከንፈሩ ጥግ ላይ ተሰክቶ።

"ዘንጉ ሲጎብጥ አይቻለሁ" አሉኝ እየሳቁ። "ዓሣውን መንጠቆው ያዘው፣ አንተን ደግሞ እኔ ያዝኩህ።"